ክንፍ በበርበሬ መጋዘን

ዛሬ ጠዋት፣ ቁርሴን በቅጡ ሳልውጥ፣ የግንበኛውን የዳምጤን የውሃ ልክ ቱቦ በመጋዝ አራት ቦታ ቆራረጥኩት።

የውሃ ልክ ቱቦ እንደ መስታወት የጠራ ቀጭን ረጅም ላስቲክ ነው። ውሃ ይሞላና ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይቆማል፤ ውሃው በሁለቱም ወገን እኩል ሲረጋ ግድግዳው እኩል ነው ይባላል። በከተማችን በመርሳ ቀጥ ብሎ የቆመ ቤት ካያችሁ እንዲህ ያለ ቱቦ ጎብኝቶታል ማለት ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ የተማርኩት ከቆረጥኩት በኋላ ነው። ስቆርጠው የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አጥሬ ላይ ተንጠልጥሏል። አጥሬ ላይ የተንጠለጠለ ሁሉ የእኔ ይመስለኛል። ይህ ከእርጅና ይሁን ከሌብነት፣ ባለቤቴ ገና አልወሰነችም።

ዳምጤ የጎረቤታችንን ሰርቪስ ቤት እየሠራ ነው። መሣሪያውን ማታ ማታ እኛ ግቢ ያሳድራል። «ከአንቱ የተሻለ ዘበኛ አላገኝም፤ እንደሁ እንቅልፍ የለዎት» ይለኛል። ዛሬም እንደ ልማዱ በማለዳ ከች አለ።

«ጋሼ፣ ቱቦዬን አይተውታል?»

«የቱን ቱቦ?» አልኩ፣ ቁርጥራጩን ጋቢዬ ውስጥ እየከተትኩ። ላስቲክ ደግሞ አጣጥፈው ሲደብቁት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ አንዱ በአንገቴ በኩል ብቅ አለ።

«ያ ባንገትዎ የወጣውስ ምንድን ነው?»

«ሕክምና ነው።»

«የምን ሕመም?»

«ገና አልታወቀም።»

ዳምጤ ጋቢዬን ገለጥ አድርጎ አየ። መጀመሪያ ሊያለቅስ ነበር መሰለኝ፤ ኋላ ሐሳቡን ለወጠና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

«ሽማግሌ የተቆረጠ ይቀጥላል ሲባል ነው የምሰማ፤ አንቱ የተቀጠለውን ይቆርጣሉ?»

አዲስ ቱቦ ገዝቼ እስክሰጠው ድረስ ከግቢዬ ንቅንቅ አላለም። ስሰጠውም ደስ አላለው። አዲስ ቱቦ ተጠቅልሎ ስለኖረ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ካልዋለ አይገራም አለኝ። «ፀሐይ እስኪገራልኝ አንቱን እጠብቃለሁ፤ ሌላ ሰው አጥር ሄደው ሌላ ነገር እንዳይቆርጡ» አለና ቀኑን ሙሉ ተከተለኝ። ለእኔ ቅጣት ነበር፣ ለእሱ ቲያትር።

ለምን ቆረጥከው ትሉኝ ይሆናል። አፌ ነው ያስቆረጠኝ።

ሐያት የሠፈራችን ልጅ ናት። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ፎቶ ቤት ከፍታለች። ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አንሺ ከሆነ ወዲህ እሷ ቤት የሚገባው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የቸገረው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እንድታሳምረው ሳይሆን ቶሎ እንድትለቀው ነው የሚፈልግ። ልጅቱ ግን ሙያ አላት። «ዘንድሮ አንድ የሰርግ ሥራ ካላገኘሁ ክፍሏን አስረክቤ እናቴ ሱቅ እገባለሁ» ስትል ከርማ፣ የኑሩ ሰርግ መጣላት።

ኑሩን ያሳደገችው አክስቱ እትዬ ፋጤ ናት። እትዬ ፋጤ የበርበሬ ነጋዴ ናት፤ በመርሳ ገበያ እሷ ካልተነፈሰች ሚዛን አይነሳም ይባላል። ኒካሑ ታስሯል፣ ድግሱ ነው የቀረው። ሙሽሪት ሰሚራ የጎረቤታችን ከተማ የግራና ልጅ ናት። ስልኳ ላይ አንዲት ሙሽራ ከትከሻዋ የብርሃን ክንፍ አብቅላ አየችና «እኔም እንዲህ» አለች። እንዲህ ያለውን ፎቶ ለማንሳት የሚያበራ ቱቦ ያስፈልጋል። ወልድያ ያለ አንድ ፎቶ አንሺ የፋብሪካ ቱቦ አለው፤ ሐያት የላትም።

ሐያት ቱቦውን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ልታስመጣ ነበር። የከለከልኳት እኔ ነኝ።

«ለላስቲክ ደግሞ አዲስ አበባ?» አልኳት። «እኔ የተበጠሰ ቺንጊያ በገመድ ቋጥሬ ከሐራ ወልድያ የገባሁ ሾፌር ነኝ! አብሽሪ፣ እሠራልሻለሁ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ከሐራ ወልድያ የገባሁት በሌላ መኪና ተጎትቼ ነው። ይህን ግን ለሐያት አልነገርኳትም፤ ልጅ ተስፋ ይቆርጣል።

ነገ ዛሬ እያልኩ ሳንቀላፋ ትናንት እትዬ ፋጤ ፎቶ ቤት ድረስ መጥታ ነገሩን ባጭሩ ቆረጠችው። «ነገ ከሰዓት የዐስር አዛን ሳይል አንዱን ሠርተሽ አሳዪኝ። አለዚያ ወልድያ እደውላለሁ።» እንግዲህ ሥራው ወልድያ ከሄደ ጭኖ የወሰደው የእኔ አፍ ነው ማለት ነው።

ሐያት ነገሩን ስታስረዳኝ እንዲህ አለች፤ «ጋሼ፣ ካሜራው በጨለማ ውስጥ ዓይኑን ገልጦ ግማሽ ደቂቃ ይቆያል። ሙሽሮቹ ድንጋይ ሆነው ይቀመጣሉ። ጥቁር የለበሰ ሰው የሚያበራውን ቱቦ ይዞ ከኋላቸው ያወዛውዛል። ሰውየው አይታይም፤ ብርሃኑ የሄደበት መንገድ ብቻ ፎቶው ላይ ይቀራል።»

«የማይታይ ሰው ነው የቸገረሽ?»

«አዎ።»

«ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የትም ቢሮ ስገባ ያየኝ የለም። ሥራው የእኔ ነው።»

እናም ዛሬ ጠዋት ቱቦ ፍለጋ ዓይኔን ሳማትር አጥሬ ላይ ያረፈው በዚህ የተነሳ ነው። ቆርጬም አልተጠቀምኩ። የእጅ ባትሪዬን በቱቦው አፍ ደገንኩና አበራሁ። ብርሃኑ አንድ ጋት ያህል ገባና፣ ሳይጠራ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ይኼ ቀጭን ነው» አለች ሐያት፣ ስትደርስ። «ወፍራም ይሁን። ውስጡም ነጭ ነገር ይልበስ፤ ብርሃን የሚያርፍበት ይፈልጋል።»

«ብርሃንም እንደኔ ወንበር ይወዳላ» አልኩና አሰብኩ። ወፍራም፣ የጠራ፣ ቀላል፣ ብዙ። ሀይላንድ! የውሃ ጠርሙሱ! መናኸሪያው ግቢ ተሳፋሪ ጠጥቶ የጣለው እንደ ጠጠር ፈሶ የለም እንዴ?

ማዳበሪያ ይዤ ወረድኩ። ዳምጤ ከኋላዬ። ከደሴ መኪና ሥር ሁለት፣ ከወልድያው ጎማ ሥር አንድ እያልኩ ጎንበስ ቀና ስል፣ ድሮ የእኔ ረዳት የነበረ፣ ዛሬ ግን ሚኒባስ የሚነዳ ሰው አየኝ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ፊቱ የለቅሶ ቤት ፊት ሆነ። ከመቀመጫው ሥር ግማሽ ውሃ ያለበት ሀይላንድ አወጣና በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ውሃውን ጠጥተው ጠርሙሱን ያስቀሩት፣ ጋሼ።»

ተቀበልኩት። ደህና ጠርሙስ ነበር። እሱ ግን ወደ ዳምጤ ጠጋ አለና በሹክሹክታ «ልጆቻቸው ገንዘብ አይልኩላቸውም እንዴ?» ሲለው ሰማሁ። ያ ሰይጣን ዳምጤ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ።

«ዝም በላቸው። እንዳይሰማቸው።»

እኔ ቤቴ ሳልደርስ የመክሰሬ ወሬ ቤቴ ደርሶ ነበር። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «እኔ ሳላውቅ ነው የደኸየነው?» አለችኝ።

ቱቦው ሲሠራ ለማየት ግን ያምር ነበር። የየጠርሙሱን ቂጥ ቆርጬ ጣልኩ፤ አፉንም ትከሻው ላይ ቀነጠስኩ፤ አንዱን በአንዱ ውስጥ ሰካሁና በናስትሮ ጠመጠምኩት። ውስጡን ነጭ ፌስታል አለበስኩት። አንድ ጫፉ ላይ የእጅ ባትሪዬን እስከ አንገቱ ቀብሬ አሠርኩ። አንስቼ ቀና ሳደርገው መሀሉ ላይ ታጠፈና ወደ መሬት ሰገደ።

«ጨዋ ነው» አለ ዳምጤ። «ሽማግሌ ያከብራል።»

የአጥር ሽቦ በጎኑ አስሬ ወገቡን አቀናሁለት። ባለቤቴን በርና መስኮት አዘጋኋትና አበራሁት። እናንተ! ከጫፍ እስከ ጫፍ ወተት የሞላበት ሸንበቆ መሰለ። ሐያት አጨበጨበች። እኔም ለራሴ አጨበጨብኩ፤ ሲያጨበጭቡ ግን ቱቦ ይወድቃል። ሁለተኛ ተሠራ።

ቱቦ ተገኘ፤ የቀረው ጨለማ ነው። ሐያት «ከመግሪብ በኋላ ሜዳው ላይ እናንሳቸው፤ ቀጠሮው ትንሽ ይራዘምልን» ብላ እትዬ ፋጤን ለመነች። እትዬ ፋጤ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ሙሽራ ከመግሪብ በኋላ ደጅ አትወጣም። ዓይን አለ፣ ጅን አለ፣ የሰው ምላስ አለ።»

«እትዬ፣ ያለ ጨለማ እኮ አይሠራም!»

«ጨለማ ነው ያጣሽ? መጋዘኔ ውስጥ ጨለማ ሞልቶ ተርፏል። እንኪ ቁልፉን።»

እንዲህ ሆኖ ነው በጠራራ ፀሐይ እትዬ ፋጤ የበርበሬ መጋዘን የገባነው። ዙሪያውን እስከ ጣራ የዛላ በርበሬ ማዳበሪያ ተደርድሯል። በሩ ሲዘጋ ጨለመ፤ ግን ቆርቆሮው በአሮጌ ሚስማር ተበሳስቶ ኖሮ ከላያችን ሰማዩ ኮከብ አወጣ። ዳምጤ ጣራ ላይ ወጣና በማዳበሪያ ቁራጭ ይደፍን ጀመር።

«አለቀ?» ይላል ከላይ።

«በግራና ከተማ በኩል ሁለት ኮከብ ይታያል!» እላለሁ ከታች።

«አሁንስ?»

«አንዷ ጠልቃለች። ሌላይቱ እልኸኛ ናት።»

የልብስ ነገርም ነበረ። የማይታየው ሰው ጥቁር መልበስ አለበት። ለቀብር የምለብሰው ጥቁር ኮት ነበረኝ፤ እሱን ራሱን ብል በልቶ ከቀበረው ቆየ። እትዬ ፋጤ ከላይ እስከ ታች ለካችኝና ቤት ሄዳ አሮጌ ጥቁር አባያዋን ይዛ መጣች።

«ቁመታችን አንድ ነው። ይልበሱት።»

«ፋጤ፣ እኔ እኮ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው ነኝ።»

«እና? አባያውም አይቷል።»

ለበስኩት። ዳምጤ በቀረችው ቀዳዳ አጮልቆ ኖሮ «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» ሲል ከጣራ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

እትዬ ፋጤ በሩን ከውጭ ገጥማ ደጅ ላይ ተቀመጠች። ኑሩና ሰሚራ ማዳበሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሐያት ካሜራዋን በሦስት እግሩ አቆመች። «ተንፍሱ፣ ግን አትንቀሳቀሱ። ጋሼ፣ ከትከሻቸው ጀምረው ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ጎን። እንደ እርግብ።» ካሜራው ቀጭ አለ። ጀመርኩ።

እርግብ አይቻለሁ፤ ክንፏን ግን ከውስጥ ሆኜ ሥዬ አላውቅም። አባያው ከእግሬ ገባ፣ እኔ ከማዳበሪያው ገባሁ፣ ቱቦው ከቆርቆሮው ተጋጨ። ፎቶው ሲወጣ ከሙሽሮቹ ኋላ ያለው ክንፍ ሳይሆን የሐኪም ማዘዣ ነበር።

«ምንም አይደል» አለች ሐያት። «እንድገም።»

በሁለተኛው ሙከራ እጄ ተፍታቶ፣ ግራው ክንፍ አምሮ፣ ወደ ቀኙ ስሻገር ስልኬ ጮኸ። አባያው ውስጥ ዳብሼ ልዘጋው አወጣሁት። ያ የቀድሞ ረዳቴ ነው። «ጋሼ፣ ከሾፌሮቹ ጋር ተነጋግረናል፤ ጠርሙስ እያጠራቀምን በየቀኑ እናመጣልዎታለን፤ እንዳያስቡ!» «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ዘጋሁት። ምን ልበል? የሰው ደግነት እንዲህ በጥድፊያ አይመለስም።

ፎቶው ሲታይ ሰሚራ «ያ ረቢ!» ብላ ኑሩ ላይ ተለጠፈች። በሙሽራውና በሙሽሪት መካከል፣ አየር ላይ፣ አንድ ፊት ተንጠልጥሏል። አንገት የለው፣ ገላ የለው፤ የስልክ መብራት ከሥር ያበራው አፉን የከፈተ የእኔ ፊት።

«ጅን ነው!»

ዳምጤ ወርዶ መጥቶ አየ። «ጅን እንኳ እንዲህ አይጨማደድም» አለና ተመልሶ ወጣ።

ስልኬን ለሐያት አስረከብኩ። ሦስተኛው ላይ ቁመት እንዲጨምርልኝ ብዬ አንድ ማዳበሪያ ላይ ወጣሁ። ካሜራው ዓይኑን ገለጠ። ግራውን ክንፍ ጀመርኩ። ከእግሬ ሥር ሸርተት፣ ቀሽሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ማዳበሪያው ተተርትሮ ዛላው በጫማዬ እየተፈጨ ነው። ዱቄቱ ቀስ ብሎ ተነሳ። አፍንጫዬ ውስጥ አንድ ሰው ክብሪት ጫረ።

«ሃ… ሃ… ሃጥሽ!»

«ይማርዎ!» አለ ኑሩ ዞር ብሎ።

«ይማርዎ አባባ!» አለች ሰሚራ።

«ይማርዎ ጋሼ!» አለ ጣራው።

«ይማርዎ… ኧረ በነቢ አትናገሩ!» አለች ሐያት።

«ያኑራችሁ» አልኩ እኔ። ዝም ልል ነው?

ፎቶው ላይ ኑሩ ሁለት ራስ አወጣ፤ ሰሚራም እንዲሁ። በአራተኛው እኔ አፍንጫዬን በጣት ቆልፌ ስተርፍ ሰሚራ አነጠሰች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። «የርሐሙኪላህ» አለ ኑሩ። «የህዲኩሙላህ» አለች። የእኛ በሁለት ቃል ያልቃል፣ የእነሱ ሦስት ነው፤ ካሜራው ግን ለሁላችንም የሰጠን ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው። በአምስተኛው እንደገና እኔ። እንደገና «ይማርዎ»። እንደገና ሁለት ሁለት ራስ። የዚህ አገር ሰው ድንጋይ ሁን ብትለው ይሆንልሃል፤ ሽማግሌ ሲያነጥስ ግን ድንጋዩም ይመርቃል።

ሐያት የካሜራዋን መስታወት በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ ጠረገች፣ ከዚያ መጥረጓን ትታ ማዳበሪያ ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ ይተዉት። የዐስር አዛን ሊል ነው። ወልድያ ትደውል። እኔም እንደሁ ቁልፉን ላስረክብ ቀን እየቆጠርኩ ነበር።»

ድምጿ ውስጥ ያለው በርበሬ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ በራሴ ስስቅ የዋልኩ ሰው፣ ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋኝ። ከሐራ ወልድያ ተጎትቼ የገባሁ ጊዜ እንኳ የሚጎትተኝ ነበረ፤ ይህችን ልጅ ጎትቼ ያቆምኳት መሀል መንገድ ላይ ነው።

«ስሙኝ» አልኩ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ከአሁን ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ ባነጥስ፣ ብወድቅ፣ ብሞት፣ ማንም ይማርዎ እንዳይለኝ። ምርቃታችሁን በልባችሁ ያዙ፤ ውጭ ስንወጣ እንተሳሰባለን።»

ኑሩ ተጨነቀ። «ጋሼ፣ ሽማግሌ አንጥሶ ዝም ማለት ነውር ነው። አክስቴ ደጅ ናት፤ ብትሰማ…»

«ነውሩ በእኔ ይሁን። ዳምጤ! ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፤ ግን ከበደኝ» አለ ጣራው።

ቀጭ። ግራውን ጀመርኩ። ሃጥሽ! ዝም። እጄ ዘለለች፤ ግን ቱቦውን አልለቀቅኩም። ወደ ላይ ቀጠልኩ። ሃጥሽ! ዝም። ሃጥሽ! እንዲህ ያለ ዝምታ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም፤ አራት ሰው ጥርሱን ነክሶ ምርቃት እየዋጠ ነው። ወደ ቀኙ ስሻገር በቱቦው ብርሃን ሙሽሮቹን ከጎን አየኋቸው። ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ እንባቸው በሁለቱም ጉንጭ ይወርዳል። ሃጥሽ! ሃጥሽ! ጨረስኩ።

«አለቀ!» አለች ሐያት።

ይማርዎ፣ ይማርዎ፣ ይማርዎ፣ ይማርዎ! የታፈነው ሁሉ አንድ ላይ ፈነዳ። በሩን ገፍተን ወደ ደጅ ፈሰስን። ደጁ ዋናው መንገድ ነው፤ የገበያ ቀን ነው። የምታለቅስ ሙሽራ ወጣች፣ የሚያለቅስ ሙሽራ ተከተለ፤ ከኋላቸው ደግሞ በቀን ብርሃን የሚያበራ ዱላ የያዘ፣ አባያ የለበሰ ባለ ጺም እያነጠሰ ወጣ። አንድ የሽንኩርት ጋሪ ቆመ። ፈረሱ እንኳ ዞሮ አየ።

እትዬ ፋጤ ከበርጩማዋ ብድግ አለች። ለቅሶውን አይደለም መጀመሪያ የጠየቀችው።

«ኑሩ! ሰውየው እንዲያ ሲያነጥሱ አንድ አፍ ይማርዎ አይልም? እኔ ነኝ ያሳደግሁህ?»

«ፋጤ፣ እኔ ነኝ የከለከልኩት» አልኩ።

«አንቱንማ ኋላ እመጣብዎታለሁ። አሳዪኝ ያንን ፎቶ።»

ሐያት ካሜራዋን አቀበለቻት። እትዬ ፋጤ ፀሐዩን በነጠላዋ ጋርዳ አጎንብሳ አየች። እኛም ከትከሻዋ በላይ።

ክንፉ ላባ አውጥቷል። ባነጠስኩ ቁጥር እጄ የዘለለችበት ቦታ ሁሉ አንድ አንድ ላባ ሆኗል፤ ነጭ፣ ረጅም፣ ጫፉ የሳሳ። ከሥሩ ሁለቱ ልጆች ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጉንጫቸው ላይ ያለው እንባ ብርሃኑን ይዞ ያበራል።

«እንዲህ ነው ሙሽራ!» አለች እትዬ ፋጤ። «የወልድያውን ፎቶ አይቻለሁ፤ ሙሽሮቹ ሁሉ ጥርስ በጥርስ ናቸው። ከእናቷ ቤት ስትወጣ የምትስቅ ልጅ፣ ሰው ምን ይላታል? ቸኩላ ነበር ይላታል። ይችን እዩዋት! እናቷን የምትወድ ልጅ!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ በርበ…» ብላ ሰሚራ ስትጀምር ሐያት እግሯን ረገጠቻት።

ከዚያ እትዬ ፋጤ የኑሩ ፊት ላይ ደረሰች።

«አንተስ?» አለች። «አንተ ምን ሆነህ ነው?»

«በርበሬው ነው፣ አክስቴ።»

«በርበሬው?» ቀና ብላ አየችው። «ጡት ከጣልክ ጀምሮ እዚህ ማዳበሪያ ላይ እያስተኛሁህ አይደል በርበሬ የነገድኩት? በርበሬ አስለቅሶህ ያውቃል?»

ኑሩ ጫማውን አየ። በመጋዘኑ ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ሳያነጥስ መቆየቱ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

«በርበሬው ነው» አልኩ እኔ። «የዘንድሮው ክፉ ነው።»

«ክፉ ነው» አለ ዳምጤ።

«እሱ ነው» አለች እትዬ ፋጤም፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። እሷ መጋዘኑ ውስጥ አልገባችም ነበር።

የዐስር አዛን አለ። ሐያት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ወልድያ…» አለች።

«የምን ወልድያ? ስልኬ ባትሪ የለውም። የድግሱ ቀን በማለዳ ነይ፤ የሴቶቹን ወገን አንድም ሳታስቀሪ አንሺ።» ካሜራውን መለሰችላት። «ይኼኛውን ደግሞ ትልቅ አድርገሽ አጥቢልኝ። ከአልጋዬ ፊት ለፊት ነው የምሰቅለው።»

ሐያት ካሜራዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ፎቶ ቤቷ ስትሄድ፣ መንገዱን ሳታይ ስለሄደች የሽንኩርቱ ፈረስ ዞር ብሎ አሳለፋት።

እኔም አባያውን አወለቅኩ፣ አጣጠፍኩ፣ ለእትዬ ፋጤ ላስረክብ ዘረጋሁ። ያን ጊዜ አፍንጫዬ ጥግ ተደብቃ የቆየች አንዲት የበርበሬ ቅንጣት ተነሳች።

«ሃጥሽ!»

«ይማርዎ» አለችኝ እትዬ ፋጤ።

ቁጣዋ አልነበረም። የገበያ ድምጿም አልነበረም። ዓይኗ ገና እርጥብ ነው፤ ቤቷ ከድግሱ በኋላ አንድ ሰው ሊጎድልበት ነው፤ እሷ ደግሞ ለእኔ ለአንጣሹ ትመርቃለች። «ያኑርሽ» ልላት አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ንጥሻ ነው፤ ከእሱ ኋላም ሌላ ተሰልፎ ነበር። ተራው አልቆ ቀና ስል፣ አባያዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ለሶላት ልትታጠብ፣ ውዱ ልታደርግ ወደ ቤቷ ገብታለች።

እናም አንድ «ያኑርሽ» አለብኝ። ባለቤቴ «በስልክ በላታ» ትለኛለች። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይከፈልም፤ ነገ ጠዋት ራሴ እሄዳለሁ። የምፈራው መጋዘኑ ከደጃፏ አለመራቁን ነው። በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ ካነጠስኩ፣ ሁለት ይሆንብኛል።